ድንኳናችንን የት እንትከል?

ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲረጋ የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑ ወደ ውጭ ያማትራል፡፡ እኛም ስምንት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሦስት የዕረፍት ቀን ተከታትሎ ቢገጥመን «እስቲ ከከተማ ወጥተን ገጠር እንደር» ተባባልን፡፡ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይደርስ ግን ለሦስት ተከፈልን፡፡ አንደኛው ወገን «ወንጪ አዲሱ ሎጅ እንሂድ» አለ፡፡ ሁለተኛው «ሎጅ ምን ያደርግልናል? ድንኳን ይዘን ስሜን ወይም ጓሳ እንውጣ» አለ፡፡ ሦስተኛው ወገን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፡፡ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀችና ሁላችንንም ዝም አሰኘችን፡፡

የት እንደሄድን በመጨረሻ አነሳዋለሁ፡፡ አስቀድሜ ግን ይህ የቡና ላይ ጭቅጭቅ ከሽርሽር ያለፈ ነገር እንዳለው ማመልከት እፈልጋለሁ፡፡ ድንኳን የምንተክልበትን ቦታ ስንመርጥ ገንዘባችን ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ በማን መሬት ላይ እንደምንተኛ፣ ያ ቦታ ለልጆቻችን ይቆይ አይቆይ አብረን እየመረጥን ነው፡፡ በአገራችን ከከተማ ውጭ ለማደር ለሚፈልግ ሰው ያሉት አማራጮች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፡- የብሔራዊ ፓርክ ካምፕ፣ የአካባቢው ሕዝብ የሚያስተዳድረው ጎጆ እና በትልቅ ገንዘብ የተገነባ ሎጅ፡፡ ሦስቱም የየራሳቸው ጥቅምና የየራሳቸው ዕዳ አላቸው፡፡

የፓርኩ ሣር

ከመጀመሪያው እንጀምር፡፡ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመና በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፡፡ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍሎ፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ተመድቦለት፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ ተከራይቶ ይወጣል፡፡ የታወቁት ማደሪያዎች ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ ናቸው፡፡ ሦስቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ላይ ያሉ ስለሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃ ይረጋባቸዋል፡፡ ቀን ላይ ጭላዳው በድንኳኑ ዙሪያ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው ግን ብርዱን ይረሳዋል፡፡

ሣሩ ግን የማን ነበር? የግጭ ሜዳ ለዘመናት ሰው የኖረበት፣ ገብስ ያመረተበትና ከብት ያሰማራበት ነው፡፡ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከምክንያቶቹ መካከል የሰፈራ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ነበሩበት፡፡ በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፡፡ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ፡፡ ዋልያ ይድን ዘንድ የተከፈለውን ዋጋ የከፈለው ያ መንደር ነው፡፡ እኛ የምናድርበት ሜዳ ጸጥታ የተገኘው የሌላ ሰው ጓሮ ተዘግቶ ነው ማለት ነው፡፡

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም፡፡ ቨርጂንያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በየበጋው ቤተሰቡን ይዞ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ያድራል፡፡ ቁጥር ያለው የድንኳን ቦታ፣ እሳት የሚነድበት ክብ ብረት፣ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ አለው፡፡ «እናንተ ጋ ለምን እንዲህ አይሆንም?» ይለኛል፡፡ ሥርዓቱስ ያስቀናል፡፡ ነገር ግን ያም ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲቋቋም በመቶዎች የሚቆጠሩ የተራራ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነስተዋል፡፡ አሜሪካኖቹ ይህን ታሪክ ዛሬ ለጎብኚው በግልጽ ይናገሩታል፡፡ እኛ ዘንድ ግን ከመኪና ወርዶ ፎቶ የሚያነሳው ጎብኚ የግጭን ስም እንኳ በወጉ አይሰማም፡፡

የፓርኩ ካምፕ ዕዳ ሌላም አለው፡፡ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ገበሬ ቅጠል ይዞ ወጥቶ ሳይበቃ ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ መጥቶ ነበር፡፡ በበጋ የደረቀ ጓሳና አስታ በአንዲት ፍም ይያያዛል፡፡ ስለዚህ «እሳት ከሌለ ምኑን ካምፕ ሆነ?» የሚለው ጓደኛችን መልሱን ከዚህ ያገኛል፡፡

ጎጆው የገበሬው ሲሆን

ሁለተኛው መንገድ ለእኔ ልብ ቅርብ ነው፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ መቄት «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቅ ሥራ ተጀመረ፡፡ ገደል አፋፍ ላይ በአካባቢው አሠራር ጎጆዎች ተቀለሱ፡፡ መንገደኛው ከጎጆ ወደ ጎጆ በእግሩ ይጓዛል፣ ዕቃውን አህያ ይጭንለታል፣ ራቱን የመንደሩ ሰዎች ያቀርቡለታል፡፡ ገቢውን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ኮሚቴ ነው፡፡ በባሌ በኩል ደግሞ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በአዳባና በዶዶላ ደን ውስጥ የእንጨት ቤቶች ተሠርተው በፈረስ የሚኬድበት መስመር ተዘረጋ፡፡ በዚያው ዘመን ደኑን የመጠበቅ ኃላፊነት «ዋጅብ» ለተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተላለፈ፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡- ደን ቆሞ ገንዘብ ካመጣ የሚቆርጠው ይቀንሳል፡፡

መንዝ ጓሳ ከሁሉም ይለያል፡፡ እዚያ ጥበቃውን ያመጣው ፕሮጀክት አይደለም፡፡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባለርስቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ በጊዜው እየከፈቱ ኖረዋል፡፡ ይህ ቃል ከኋለኛው የወጣቶች መጠሪያ ጋር እንዳይምታታ፡፡ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ፡፡ የመንዝ ሰው ግን ጓሳውን ጨርሶ አልጣለውም፡፡ ቆይቶ በሌላ መልክ መልሶ አደራጀው፡፡ ዛሬ ቀይ ቀበሮ እዚያ መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው፡፡ የማኅበረሰቡ ሎጅና የድንኳን ቦታም አለው፡፡

ይሁን እንጂ ጎጆውን ከልክ በላይ ማሞገስም አያስፈልግም፡፡ የሕዝብ በሆነ ማደሪያ ፍራሽ ሲያረጅ የሚቀይር ባለቤት ይጠፋል፡፡ «የጋራ በሬ ሣር አያጣም» ብሎ የተናገረ የለም፡፡ ፈረስ በተራ ነው ተብሎ የደከመ ፈረስ ይመጣል፤ ተራው የማን ነው በሚል እንግዳ ፊት ይጨቃጨቃሉ፡፡ ከሁሉ የከፋው ግን ለጋሹ ሲወጣ ቦታ ማስያዣ ስልኩን የሚያነሳ አለመኖሩ ነው፡፡ ጎጆውን መሥራት የአንድ በጋ ሥራ ነው፡፡ እንግዳ ማምጣት ግን የዓመታት ሥራ ነው፡፡

አሥር ሚሊዮን ብር የተበላበት ገበታ

ሦስተኛው መንገድ አዲሱ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት የተነሳ ሲሆን ለአንድ ራት አሥር ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ በኮይሻ ሃላላ ኬላ፣ በወንጪና በጎርጎራም ሎጆች ተገንብተው ተመርቀዋል፡፡ እውነቱን ለመናገር መንገዱ ተሠርቷል፤ ቀድሞ በጭቃ የማይደረስበት ቦታ ዛሬ በቤት መኪና ይደረሳል፡፡ ይህን መካድ ንፉግነት ነው፡፡

ጥያቄዬ ሌላ ነው፡፡ ወንጪ ሎጁ ከመሠራቱ በፊትም ባዶ አልነበረም፡፡ የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ ያከራዩ፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ያሻግሩ ነበር፡፡ ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ሲመረጥ የተመረጠው መንደሩ እንጂ ገና በግንባታ ላይ የነበረው ሎጅ አልነበረም፡፡ አሁን በሎጁ የሚያድር እንግዳ ከፈረሰኛው ጋር ይገናኛል ወይስ ከመኪናው ወርዶ ወደ ክፍሉ ገብቶ ይመለሳል? የፖሊሲው ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ነው፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ ዋጋቸውን በዶላር እያሰቡ በብር የሚተምኑ ማደሪያዎች አብረው ወጥተዋል፤ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልወጣም፡፡ እኛ ስምንታችን ደመወዛችንን ደምረን ስናሰላ ሁለት ሌሊት በሎጅ ማደር ለብዙዎቻችን የማይሞከር ሆነ፡፡ ታዲያ «አገርህን እወቅ» የሚባለው ለማን ነው?

ሰላም የሌለው መንገድ ካምፕ የለውም

የባልደረባችን ጥያቄ ግን ከዋጋውም ይቀድማል፡፡ መቄትና ላስታ በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ግንባር ሆነው ነበር፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ስሜንንም ጓሳንም ከብዙ ሰው የጉዞ ዝርዝር አውጥቷቸዋል፡፡ በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ታግተው መወሰዳቸውን ያልሰማ የለም፡፡

ኮቪድ፣ ጦርነትና እገታ በተከታታይ ሲመጡ ትልቁ ሎጅ ባንክ አለው፣ መንግሥት አለው፣ ስብሰባ ያስተናግዳል፡፡ ጎጆውና በቅሎው ግን ከመንገደኛው በቀር ማንም የለውም፡፡ በቅሎውን ሸጦ የበላ ሰው ሰላም በወረደ ማግሥት በቅሎ ይዞ አይጠብቀንም፡፡ ስለዚህ የሰላሙ ጉዳይ ለቱሪዝም ማስታወቂያ ጌጥ አይደለም፤ ዋናው መሠረተ ልማት እርሱ ነው፡፡

ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

ከተሞክሮ የተማርኩትን ላካፍል፡፡ ከዓመታት በፊት አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ማደሪያ «የድንኳን ቦታ አለን» ብሎን ስንደርስ ቦታው ከጄኔሬተሩ ጎን ሆኖ ተገኘ፡፡ በስልክ የተነገረን ዋጋም በር ላይ ተቀየረ፡፡ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልሄድም፡፡

መጀመሪያ ስለ መንገዱ እጠይቃለሁ፡፡ የምጠይቀውም ማስታወቂያውን ሳይሆን በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌርን ነው፡፡ ቀጥሎ ከፍታውን፡፡ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ መዋል አለበት፤ ራስ ምታት ከጸናበት ወደ ታች መውረድ እንጂ መታገሥ መድኃኒት አይሆንም፡፡ ሦስተኛ ውኃና ሽንት ቤት፡፡ ሽንት ቤት የሌለው ካምፕ ከወንዝ በላይ ከሆነ ቆሻሻችንን የሚጠጣው የታችኛው መንደር ነው፡፡ አራተኛ ማገዶ፡፡ ከከተማ ቡታጋዝ ይዞ መሄድ አንድ ኮሶ ወይም አስታ ማትረፍ ነው፡፡ በመጨረሻ ደግሞ ብዙዎች የማይጠይቁትን እጠይቃለሁ፡- «ከምከፍለው ውስጥ እዚህ የሚቀረው ስንት ነው? አስጎብኚውስ ከየት ነው?» ደረሰኝ መቀበልም የመንደሩን ኮሚቴ ከሐሜት ያድነዋል፡፡

የሄድንበት

እንደ ቃሌ ልጨርስ፡፡ በመጨረሻ ያስታረቀን ባሌ ነው፡፡ በሻሸመኔና በዶዶላ አልፈን ዲንሾ ገባን፡፡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ባለበት ደን ውስጥ ድንኳናችንን ተከልን፡፡ ጠዋት ዚፑን ስከፍት የደጋ አጋዘን ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ቆሞ ያየኝ ነበር፡፡ ሁለት ሌሊት ለስምንት ሰው የወጣብን፣ ለፈረስና ለአስጎብኚ የከፈልነው ተጨምሮ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሎጅ ወጪ እንኳ አይሆንም፡፡

ፈረሱን የሚስቡልን አንድ ኦቦ ነበሩ፡፡ ሲሄዱ ሲሄዱ ቆዩና እንግዳ ሲመጣ ፈረስ ይዘው እንደሚወጡ፣ እንግዳ ሲጠፋ ግን በዚያው ፈረስ እንጨት ጭነው ገበያ ከሚወርዱት ጎረቤቶቻቸው እንደማይለዩ ነገሩኝ፡፡ አላፈሩበትም፤ ልጆች አሏቸው፡፡

ከዚህ በላይ የፖሊሲ ጥናት አያስፈልገኝም፡፡ መንግሥት በየሎጁ አጠገብ ዋጋው በይፋ የተለጠፈ፣ ውኃና ሽንት ቤት ያለው፣ በአካባቢው ማኅበር የሚተዳደር የድንኳን ሜዳ ቢያዘጋጅ ወጪው ከአንድ ሎጅ መታጠቢያ ቤት ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም፡፡ መምህሩም ተማሪዎቹን ይዞ ያድርበታል፤ ፈረሱም እንጨት ከመጫን ያርፋል፡፡ እኛ ከተሜዎች ደግሞ ለሚቀጥለው ዕረፍት ቦታ ስንመርጥ ከመኝታው ልስላሴ በፊት የኦቦን ፈረስ እናስብ፡፡