ያልተጠየቀች ልጅ ዝምታ

ሰዎች ከሌላው ሰው አንደበት ቃል ይሰርቃሉ፤ ከሁሉ አብዝቶ የሚሰረቀው ግን ዝምታ ነው። የተናገረ ሰው «እንዲህ ማለቴ አይደለም» ብሎ ይከራከራል። ዝም ያለው ግን ባለቤቱ እንዳልታወቀ ዕቃ ነው፤ ያገኘው ሁሉ የራሱን ስም ይጽፍበታል። ዛሬ የምሟገተው ስለ አንድ የተሰረቀ ዝምታ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ቀን ተቀጥሮ ካበቃ በኋላ፣ አባቷ «ልጄ ዝም ብላለች፤ በሃይማኖታችን ደግሞ ዝምታ ፈቃድ ነው» ብሎ ስለሚድራት የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዝምታ።

እኔ ዓሊም አይደለሁም። ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሙስሊም ነኝ። ቢሆንም ማንበብ እችላለሁ። ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ በሃይማኖቱ ስም የሚደረገውን ሁሉ «ለዐዋቂዎች ትቼዋለሁ» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥረው ድንጋጌ ከየት መጣ? ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ቀደም አግብታ የነበረች ሴት ሳትማከር፣ ድንግሊቱም ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳይዳሩ አዘዙ። ድንግል ልጅ እንደምታፍር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስታወሷቸው ጊዜ፣ ዝም ማለቷ እንደ ፈቃድ እንደሚወሰድላት መለሱ። አንባቢ ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን ልብ በል። መጀመሪያ የመጣው ትእዛዝ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የመጣው የአንዲት ሴት ጥያቄ ነው፤ ስለ ዐይን አፋሯ ልጅ የተቆረቆረች ሴት ጥያቄ። ዝምታ የመጣው ከሁሉ በኋላ፣ እንደ ርኅራኄ ነው። ድንጋጌው የተሰጠው ለልጅቱ እንጂ ለአባቷ አይደለም። እኛ ግን ትእዛዙን ጥለን ርኅራኄውን ብቻ አነሣን፤ ያነሣነውንም ወደ ሰይፍ ለወጥነው። ጥያቄ በሌለበት መልስ የለም፤ «እምቢ» ማለት በማይቻልበት ቤት ደግሞ «እሺ» የሚባል ነገር የለም።

የቀደሙት የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ይህን ስላወቁ የልጅቱን ሣቅና ለቅሶ ሳይቀር መርምረዋል። ፈገግ ብትልስ? በፌዝ ብትሥቅስ? ድምፅ አውጥታ ብታለቅስስ? የፌዝ ሣቅና ድምፅ ያለው ለቅሶ ፈቃድ አይደለም አሉ። እነዚያ ሰዎች ዝምታን እንደ መጽሐፍ ያነቡት ነበር። በእኛ አገር ግን የሙሽራ እንባ ወግ ነው፤ ከእናት ቤት የምትወጣ ልጅ ማልቀስ አለባት፤ ካላለቀሰች ትታማለች። እንባውን አስቀድመን ወግ ስላደረግነው እውነተኛዋ አልቃሽ ከወግ አልቃሿ አትለይም። ዝም ብትል ፈቀደች ተባለ፤ ብታለቅስ ደንብ አወቀች ተባለ። ታዲያ ይህች ልጅ በምን ቋንቋ እምቢ ትበል?

እምቢ ያሉ ሴቶች ግን ነበሩ፤ በመዲና ነበሩ። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም አባቷ ሳትወድ ቢድራት ወደ ነቢዩ ሄዳ አቤት አለች፤ ጋብቻውን አፈረሱላት። ነሳኢና ኢብን ማጀህ የዘገቡት የሌላዋ ወጣት ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። አባቷ በእርሷ በኩል ክብሩን ከፍ ለማድረግ ለወንድሙ ልጅ ይድራታል፤ ነቢዩ ውሳኔውን በእጇ ላይ አደረጉላት። ልጅቱም የአባቷን ሥራ እንደተቀበለች፣ ነገር ግን አባቶች በዚህ ጉዳይ ሥልጣን እንደሌላቸው ሴቶች እንዲያውቁ ስለፈለገች መምጣቷን ተናገረች። ባሏን ላለማጣት አልመጣችም፤ ከባሏ ለመገላገልም አልመጣችም። የመጣችው ለሌሎች ነው።

በሪራም ነበረች። ከባርነት ነፃ ስትወጣ ባሏን ሙጊሥን ትታ ለመሄድ መረጠች። ሰውየው በመዲና መንገድ እንባው ጢሙን እያራሰው ይከተላት ነበር። ነቢዩ አዝነውለት አማለዱት። እርሷም ይህ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች፤ ምልጃ ብቻ እንደሆነ ሲነግሯት እንደማትፈልገው አስታወቀች፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። ትናንት ባሪያ የነበረች ሴት የነቢይን ምልጃ አልተቀበለችም፤ ማንም በከሓዲነት አልወነጀላትም። የዛሬው አባት ከዚያ ምልጃ የከበደ ምን ሥልጣን ይዞ ነው ልጁን «ቃሌን አታስበይ» የሚላት?

ሌላውን ወገን ሳልጠቅስ ባልፍ ሸፍጥ ይሆንብኛል። አራቱም ታላላቅ የሱኒ መዝሀቦች አባት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጁን ያለ ፈቃዷ መዳር እንደሚችል ጽፈዋል። ማስረጃቸው የወር አበባ ያላዩ ሴቶችን የመጠበቂያ ጊዜ የሚደነግገው የሱራ አጥ-ጦላቅ ቁጥር 4 እና የዓኢሻ (ረ.ዐ) የጋብቻ ዕድሜ የተነገረበት ሐዲሥ ነው። ይህን የሚክድ ሰው የፊቅህ መጻሕፍትን አልገለጠም። ይሁን እንጂ የእነዚያው ሊቃውንት ገጽ ላይ ሌላም ነገር ተጽፏል። ውሉ ቢፈጸም እንኳ ልጅቱ አካሏ ሳይጸና ለባሏ እንዳትሰጥ አስጠንቅቀዋል። ሐነፊዎቹ ደግሞ ከአባትና ከአያት ሌላ ዘመድ የዳራት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ጋብቻውን የማፍረስ ምርጫ ሰጥተዋታል። የፈቀዱት ሰዎች ራሳቸው አንድ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለ ተሰምቷቸው ነበር፤ የልጅቱ ቃል ገና አልተሰማም።

ከመጀመሪያውም ያልፈቀዱ ነበሩ። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኩፋ ቃዲ የነበረው ኢብን ሹብሩማና ከእርሱ በኋላ የመጣው አቡ በክር አል-አሶም፣ ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰን ልጅ ማንም መዳር አይችልም ብለው ተከራክረዋል። ማስረጃቸው ሱራ አን-ኒሳእ ቁጥር 6 ነው። አንቀጹ አሳዳጊዎች የቲሞችን ለጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ብስለት ያዩባቸውም እንደሆነ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ያዛል። ጋብቻ በማንኛውም ዕድሜ የሚፈጸም ቢሆን «ለጋብቻ መድረስ» ማለት ምን ትርጉም ይኖረዋል? የሁለቱ ሊቃውንት ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከ1,200 ዓመታት በኋላም እኔን የሚያሳምን መልስ አላገኘሁለትም።

ይህ አንቀጽ እንጀራዬን በምበላበት መስኮት በየቀኑ ይታየኛል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የቁጠባ ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ብትመጣ ገንዘብ አልከፍላትም፤ «አሳዳጊሽን ይዘሽ ነይ» እላታለሁ። ብድር አትወስድም፤ ለሰው ዋስ አትሆንም። ደንበኛው ዝም ስላለ ብቻ ከሂሳቡ ወጪ ባደርግ በማግስቱ ከሥራ እባረራለሁ፤ ይገባኛልም። ገንዘብ ፊርማ ይጠይቃል፤ ፊርማም አእምሮ ይጠይቃል። ቁርኣን በሱራ አን-ኒሳእ ቁጥር 21 ጋብቻን የጠበቀ ቃል ኪዳን አድርጎ ይገልጸዋል። አምስት መቶ ብር የማናምናትን ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን እንዴት አምነን እናሸክማታለን?

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው የመህሯ ነገር ነው። በቁጥር 4 መህር የሙሽሪት የራሷ ሀብት ነው፤ የአባቷ አይደለም። ነገር ግን ብስለቷ እስኪታይ ገንዘቧ በእጇ አይሰጣትም። እንግዲህ የ13 ዓመቷ ሙሽራ ለጋብቻው ትልቅ ሰው፣ ለመህሩ ሕፃን ሆነች ማለት ነው። አልጋው ላይ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ሣጥኑ ላይ ገና ናት። በየትኛው የሂሳብ ስሌት ነው ይህ የሚታረቀው?

«ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚሉ አሉ። የኦቶማን መንግሥት የኸሊፋው መቀመጫ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለች ልጅን ማንም እንዳይድር ከልክሎ፣ ለሴት ልጅ 17 ዓመትን መደበኛ ዕድሜ ሲያደርግ የጠቀሰው ፈረንጅን አልነበረም፤ ኢብን ሹብሩማንና አል-አሶምን ነበር። ሞሮኮ በ2004 የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገች፤ ዳኞች የሚሰጡት ልዩ ፈቃድ በሩን ገርበብ አድርጎ ቢተወውም። በኢንዶኔዥያ በ2017 የሴት ዑለማእ ጉባኤ በቺረቦን ተሰብስቦ ልጆችን ከጋብቻ መከላከል ግዴታ ነው አለ፤ በ2019 የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ16 ወደ 19 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በዳካር ጉባኤ የአል-አዝሃር ምክትል ታላቅ ኢማም ጋብቻ በፈቃድ ላይ የቆመ ነውና ፈቃድ ለመስጠት የምትበቃበት ዕድሜ 18 ነው የሚል ፈትዋ ሰጡ። በአንጻሩ የመን በ1999 የነበረውን የ15 ዓመት ገደብ ከሕጓ ሰረዘች፤ በ2008 የ10 ዓመቷ ኑጁድ ዓሊ ብቻዋን ወደ ሰንዓ ፍርድ ቤት ሄዳ ፍቺ ጠይቃ አገኘች። ቁርኣኑ አንድ ነው፤ የተለያየው ልጅቱን ለመጠየቅ የፈለገውና ያልፈለገው ሰው ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የቤተሰብ ሕጋችን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ይቀጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው እንዳገቡ ያሳያል። በዚህ ዕድሜ የዳርናቸው ልጆች በመስጊድ ጥላ ሥር ብቻ ያደጉ አይደሉም፤ አብዛኛው ሕዝቡ ክርስቲያን በሆነው በጎጃም ገጠርም ተመሳሳይ ሰርግ ይደገሳል። በዚያ ዝምታዋ «ጨዋነት» ይባላል፤ በእኛ ዘንድ «ፈቃድ»። ስለዚህ «እስልምና ነው እንዲህ ያደረጋቸው» ለሚለውም መልስ አለኝ፦ ሕፃን ለመዳር ሃይማኖት አያስፈልግም፤ ሃይማኖት የሚጠራው ኋላ፣ ለምስክርነት ነው። የሚያሳዝነው ግን የውጪው ከሳሽና የቤቱ ጠበቃ ሃይማኖቱ ይህን እንደሚፈልግ መስማማታቸው ነው፤ ሁለቱም ኸንሳእን አያውቋትም።

የአባትን ፍርሃት አልንቅም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ላይ ጠላፊ አለ፤ ዝናቡ ከቀረ አንድ አፍ መቀነስ እፎይታ ነው። እነዚህ ሐቆች ናቸው። ነገር ግን ከጠላፊ ሊያድናት ለማታውቀው ሰው የሚሰጣት አባት የፈራውን ነገር በገዛ እጁ ደግሶ እንደፈጸመው ይወቅ። ያልጸና አካል በምጥ ቀናት ሲቆጥር ፊስቱላ እንደሚያስከትል የአገራችን ሐኪሞች ሲናገሩ ኖረዋል። ጉዳትን መከላከል የሸሪዓ መሠረት ከሆነ፣ ይህን ጉዳት አይቶ «ተፈቅዷል» ማለት ምን ዓይነት ፊቅህ ነው? የተፈቀደ ሁሉ የታዘዘ አይደለም።

እንግዲህ ኒካሕ ለምታስሩ ሸኾችና ቃዲዎች የማቀርበው ልመና ቀላል ነው። ከወሊዩ ቃል በፊት የልደት ማስረጃዋን ጠይቁ፤ 18 ካልሞላት ኪታባችሁን አጥፋችሁ ተነሡ። ከሞላትም አባቷ፣ ሽማግሌውና ሙሽራው በሌሉበት፣ የምታምናት ሴት ባለችበት ጠይቋት፤ እምቢ ብትል ማንም እንደማይነካት አስቀድማችሁ ንገሯት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1,400 ዓመት በፊት የታዘዘ ነገር ነው።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼም የምለው አለኝ። አንገቷን የደፋችውን፣ ቃል የማይወጣትን ልጅ ስንት ጊዜ በግጥም አሞገስን? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ እያሣቅን አስተላለፍን? ዐይን አፋርነቷን ስናስውብ የአባቷን ሥራ አቀለልንለት። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እኔ ከወርቅ ጋር ያለኝ ትውውቅ ሙያዊ ነው፦ ወርቅ ከመግዛትህ በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ትጠይቃለህ።

በሩን ቆልፈውት ፥ አልወጣችም አሉ፤
አፏን አፍነውት ፥ ፈቅዳለች እያሉ።
ዝምታም ፊደል ነው ፥ አንባቢ ካገኘ፤
ዓይኑ ይታወራል ፥ ጥሎሽ የተመኘ።
ጠይቋት ስታድግ ፥ ልቧ ቃል ሲጨብጥ፤
ያኔ ዝምታዋ ፥ ከወርቅም ይበልጥ።