ወርሃዊ መዋጮው ለምን አነሰ?



ባለፈው ወር ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ ደወለችና «እማዬ፣ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው። አንቺና አባዬ ስትመጡ ከብርዱ የምታርፉበት፣ እኛም ጡረታ ስንወጣ የምንኖርበት» አለችኝ። ደስ አለኝ። ግን እሷም እንደኔ ነርስ ናትና ቅድመ ክፍያው የስንት ዓመት የሌሊት ተረኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁለት ሕንፃዎች አይተዋል። በአንዱ የማኅበር ክፍያው በወር 410 ዶላር፣ በሌላው 880 ነው። «ቤቶቹ ያው ናቸው፤ ለምን እጥፍ እንከፍላለን?» አለች። እኔም መጀመሪያ እውነቷን ነው ብዬ ነበር። በብሎካችን ለጥበቃና ለጽዳት መዋጮ ሲጠየቅ ከሚያጉረመርሙት አንዷ ነኝና።

እዚያ ያሉ ልጆቻችን «ኤችኦኤ» የሚሉት ይህ ክፍያ ኪራይ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው የጣሪያው፣ የሊፍቱ፣ የመዋኛ ገንዳውና የመሠረቱም የጋራ ባለቤት ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ በጀት ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቤት በመተዳደሪያ ሰነዱ የተመደበለትን ድርሻ ይከፍላል። ገንዘቡ ሦስት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው ለዕለት ወጪ ነው፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ጥገና። ሁለተኛው ለሕንፃው ኢንሹራንስ ነው፤ ይህ በአውሎ ነፋሱ የተነሳ በባሕር ዳርቻ ይከብዳል። ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። የባንክ ዕዳው፣ የቤት ግብሩና የውስጥ ዕቃ ኢንሹራንሱ ለብቻቸው ናቸው። የማኅበሩን ክፍያ ያልከፈለ ሰው ቤቱ በዕዳ ሊያዝበት፣ ሲብስም ሊሸጥበት ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር ሦስተኛው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመግዛት የሚሯሯጥ እድር አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጠባበቂያም እንደዚያ ነው። ጣሪያው የሚቀየርበት ቀን እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ቀድሞ ይጠራቀማል። ካልተጠራቀመ ማኅበሩ «ልዩ መዋጮ» ብሎ በአንዴ ይጠይቃል። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ቀኑ ቶሎ ይመጣል። ጨው ያለበት እርጥበት ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ፌሮውን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በሙያዬ የማውቀው የደም ግፊትም እንደዚሁ ነው፤ ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል።

ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ከሚያሚ ቢች በስተሰሜን ባለችው ሰርፍሳይድ የአንድ ባለ 12 ፎቅ የባሕር ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው 40 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት አንድ መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው ወለል በታች ያለው ኮንክሪት ክፉኛ መጎዳቱን ጽፎ ነበር። ነዋሪዎቹ በወጪው ሲከራከሩ ቆይተው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ልዩ መዋጮ አጸደቁ፤ ለአንድ ቤት ከ80 ሺህ እስከ 330 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። ሕንፃው የወደቀው ክፍያው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ነው። የአደጋው መንስኤ የገንዘብ እጦት ብቻ ነው አልልም። ሕመሙን እያወቁ ሕክምናውን ማቆየት ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ፍሎሪዳ ሕግ አወጣች። ሦስት ወለልና ከዚያ በላይ ያለው ኮንዶሚኒየም 30 ዓመት ሲሞላው በባለሙያ ይመረመራል፤ በባሕር አጠገብ የአካባቢው አስተዳደር 25 ሊያደርገው ይችላል። ቀድሞ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው መጠባበቂያውን ይተዉት ነበር፤ አሁን ለዋና ዋናዎቹ የሕንፃው ክፍሎች እንደ ድሮው መተው አይቻልም። በዚህም በብዙ ሕንፃዎች ክፍያው ጨምሯል፤ በጡረታ ገንዘብ የሚኖሩትን አስጨንቋል።

ስለዚህ ልጄን «የታማሚውን ካርድ ሳታዪ መድኃኒት ትሰጫለሽ?» አልኳት። ሳቀች። «እንግዲያው የሕንፃውንም ካርድ ጠይቂ» አልኩና አስጻፍኳት፦ የዓመቱ በጀት፣ የመጠባበቂያው ጥናትና በእጅ ያለው ገንዘብ፣ የመሐንዲስ ምርመራ፣ የኢንሹራንሱ ውል፣ የሁለት ዓመት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ።

ከአሥር ቀን በኋላ ደወለች። የ410 ዶላሩ ሕንፃ መጠባበቂያ ባዶ ሊባል ጥቂት ነው የቀረው። በቃለ ጉባኤው የበረንዳና የጣሪያ እድሳት ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተላልፏል፤ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ድርሻ 45 ሺህ ዶላር ያህል ነው። ባለ 880ው ጣሪያውን ቀይሯል፤ ለበረንዳውም አጠራቅሟል።

ክፍያው የበዛ ሕንፃ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወረቀቱ ሳይታይ አይታወቅም። ልጄም 880ውን በጡረታ ዘመናችን እንችለዋለን ወይ ብላ ከባሏ ጋር እያሰላች ነው። ቢቀርም ይቅር። አባቷ ባሕሩን ሳያይ ሊቀር ነው ብሎ ትንሽ ቅር ብሎታል።

በውጭ ያሉ ልጆቻችሁ ቤት ሊገዙ ነው ሲሏችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ ካላችሁ በኋላ «መጠባበቂያው ስንት ነው?» በሉ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ስንል የኖርነው ለሰው ብቻ አይደለም። እኔም የብሎካችንን ውዝፍ መዋጮ ትናንት ከፍያለሁ።