ከመጠለያው በፊት ቦዩ

የላሊበላ ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው። ገበሬው አንጋጦ የሚለምነው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በየክረምቱ እየቦረቦራቸው ይሄዳል። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበትና ለስላሳ ነው። ያን ሁሉ ዓምድ፣ ቅስትና መስኮት ከአንድ ድንጋይ ፈልፍሎ ለማውጣት ያስቻለው ይኸው ልስላሴው ነው፤ ውኃም እንደ ልቡ የሚገባበት በዚሁ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ሸክላማ ማዕድን ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም አለቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚቀጥለውን ክረምት ውኃ ይቀበላል። ውኃ የሚወርድበትን ግድግዳ በመዳፍ ዳበስ ቢያደርጉት ደቃቅ ፍርፋሪ እጅ ላይ ይቀራል። ያ ፍርፋሪ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ የአባቶቻችን የእጅ ሥራ ነው።

ዝናቡ ድሮም ነበረ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነበረ። የተለወጠው አዘናነቡ ነው። አየር አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ የያዘውንም ሲለቅ ይዘረግፈዋል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ለምሥራቅ አፍሪካ የሚተነብዩት ኃይለኛ ዝናብ ይበልጥ እየበረታ እንደሚሄድ ነው። ለቀናት ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረ ውኃ በአንድ ከሰዓት ሲወርድ ትናንት የበቃው ቦይ ዛሬ አይበቃም። በአፈርና በጠጠር የተሞላ ቦይማ ጭራሽ ውኃውን ወደ ቤተ መቅደሱ ይመልሰዋል። ችግሩ የላሊበላ ብቻ አይደለም፤ አክሱምም የነገሥታቱ መቃብሮች ውኃ እየገባባቸው ሲያሳስብ ኖሯል።

ላሊበላን የሠሩት ሰዎች የውኃውን አደጋ ያውቁ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ነው። የእኔ ዓይን የሚሄደው ጠርዙ ላይ ወዳሉት ከአለቱ ወደተፈለፈሉት አሸንዳዎች ነው። የጣራው ውኃ በእነሱ በኩል ከግድግዳው ርቆ እንዲወድቅ ታስቧል። ከላይ ወደ ታች እየጠረበ የሚሄድ ጠራቢ ገና ጣራውን ሲያበጅ የውኃውን መንገድ ካላሰበ በኋላ የሚያስተካክልበት ዕድል የለውም። የአብያተ ክርስቲያናቱን ሁለት ዋና ምድቦች የሚለያቸው ዮርዳኖስ የተባለው ቦይም ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይሸከማል። ቤተ ጊዮርጊስ ዛሬም ያለ መጠለያ፣ ዝናቡን በራሱ ላይ እያስተናገደ ከሁሉም በተሻለ ይዞታ ላይ ይገኛል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እኛ ያደረግነውን ደግሞ እንይ። በ1940ዎቹ ውኃውን ለማገድ ተብሎ ጣራና ግድግዳ ሬንጅ ተቀባ። እርጥበት አፍኖ የሚያስቀር ቅብ ስለሆነ ጉዳቱ አመዘነ፤ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒና አብረውት የሠሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ያንን ሲያነሡ ብዙ ደክመዋል። በ1970 ዓ.ም. ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ የብረትና የሸራ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ጋረዱ።

መጠለያዎቹ ዝናብ መከላከላቸውን አልክድም። ነገር ግን ጊዜያዊ ተብለው የቆሙ ናቸው፤ ጊዜያዊው ግን ዓመታት አለፉት። በ2011 ዓ.ም. የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ብረቱ ወድቆ ቅርሳችንን ይጨርሰዋል ብሎ ሲጮኽ አላዋቂነት ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ትክክል ነበር። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲወዛወዝ የሚያየው እሱ ነው። በገና ካህናቱ ከላይ አፋፉ ላይና ከታች ቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉ እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ ከራሳቸው በላይ ያ ብረትና ሸራ መኖሩ ማንንም አማኝ ያስከፋል። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ድጋፍ ቃል ገቡ። ድጋፉ መልካም ነው። ሆኖም የውጭ ገንዘብ የሚመጣው ለትልቅ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ይጀመራል፣ ያልቃል። ዝናቡ በየዓመቱ ይመለሳል።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ላሊበላን የሚያድነው በየዓመቱ የሚደረግ ተራ ጥገና ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦዮቹ እስከ ድንጋዩ ወለል ድረስ ይጠረጉ። ጣራ ላይ የበቀለው ሣርና ቁጥቋጦ ሥሩ ስንጥቁን ሳያሰፋው ይነቀል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እያለች፣ አለቱን በማያፍን የኖራ ውሑድ ትደፈን። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጠለያ ሳያስፈልገው የተጠገነው፣ የአካባቢው ባለሙያዎችም እየሠለጠኑ የተሳተፉበት በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው። እነዚያ ወጣቶች ዛሬ ቋሚ ደመወዝ ያለው የጥገና ቡድን ሊሆኑ ይገባ ነበር። አንድ የዝናብ መለኪያ በግቢው ተተክሎ አንድ ዲያቆን በየማለዳው ቢመዘግብ፣ የቱ ቦይ እንደማይበቃ በሁለት ክረምት ውስጥ ይታወቃል። ከላይ ያለው ተራራ እስከተራቆተ ድረስም ቦዩ ተጠርጎ ተመልሶ በደለል ይሞላልና እርከኑና ችግኙ የቅርስ ጥበቃ ሥራ ተደርጎ መቆጠር አለበት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከኮቪድና ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ጎብኚ ስለሳሳ የከተማዋ ገቢ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለዚህ በመግቢያ ክፍያ ብቻ መመካት አይቻልም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ለዓመታዊ ጥገና የተለየ በጀት ይያዝ፤ ቤተ ክርስቲያኗም ከሚሰበሰበው ስለት የተወሰነውን ለቦይና ለኖራ ትመድብ። ከዋሽንግተንም ከዱባይም በገና ለመሳለም የምትመጡ ወገኖቻችን፣ ጃንጥላና ምንጣፍ ከማምጣታችሁ በፊት የአንድ ጠጋኝ የዓመት ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ አስተዳዳሪውን ጠይቁ።