ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ

ፉክክሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት ነው። ኤኤምዲ ጁን 29 ቀን ራዲዮን አርኤክስ 480 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ አወጣ፤ ባለ 4 ጊጋባይቱ 199፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 239 ዶላር። በ20ኛው ቀን ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060ን በ249 ዶላር ይዞ ብቅ አለ። ኤኤምዲም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ያንኑ ቺፕ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ አርኤክስ 580 በሚል ስም አቀረበው። የባለ 8 ጊጋባይቱ ዋጋ 229 ዶላር ነበር። የ1060 እና የ580 ዋጋ ተቀራራቢ፣ አቅማቸውም ተቀራራቢ ነው። ገዢያቸውም አንድ ዓይነት ሰው ነበር፤ ኪሱን ሳያራቁት ጌም በደንብ መጫወት የሚፈልግ ወጣት።

ሁለቱም ዛሬ አርጅተዋል። ከገበያ ግን አልጠፉም፤ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ አሁንም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለኢትዮጵያ ገዢ ደግሞ ጉዳዩ የድሮ ወሬ አይደለም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር 17 ሺህ ብር ግድም ይወጣ የነበረው የ300 ዶላር ካርድ ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አዲሱ ዕቃ ሲርቅ ሰው ወደ አገለገለው ይዞራል።

ገዢው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “1060 ይሻላል ወይስ 580?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም 1060 የሚባል አንድ ካርድ የለም፣ 580 የሚባልም አንድ ካርድ የለም። ያሉት በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ በርካታ ካርዶች ናቸው። በስሙ ብቻ አምኖ የገዛ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ እሱ ሳይሆን ስሙን ያወጣው አምራች ነው።

በቅድሚያ ሙሉዎቹ ካርዶች ይመዘኑ፤ ማለትም ባለ 6 ጊጋባይቱ 1060 እና 2304 ኮር (የምስሉን ስሌት የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) ያሉት ባለ 8 ጊጋባይት 580።

በፍጥነት በኩል ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። 1060 እንደወጣ በተደረጉት ፈተናዎች በአብዛኞቹ ጌሞች ከ480 ትንሽ ይቀድም ነበር። በዚያው ክረምት ዱም የተባለው ጌም ቩልካን በተሰኘው አዲስ ቴክኖሎጂ መሥራት ሲጀምር 480 በአንድ ጊዜ ተመነጠቀ። ከዚያ በኋላ በወጡት ጌሞችና ድራይቨሮች ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ፣ 580 ሲመጣ ሁለቱ አንዴ ይኼኛው አንዴ ያኛው የሚቀድምባቸው እኩዮች ሆኑ። አንዱ ካርድ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ሌላው 57 ፍሬም ቢያወጣ፣ ቁጥሩ አጠገቡ ካልተጻፈለት በስተቀር የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን የሚለይ ተጫዋች ጥቂት ነው። የጌም ወዳጆች ለዓመታት የተጨቃጨቁት በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ሚሞሪው ላይ ነው። የካርዱ ሚሞሪ እንደ ነጋዴ ሱቅ ነው፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ካለ ሽያጩ ይፈጥናል፣ ሱቁ ሞልቶ ዕቃው መጋዘን ከተቀመጠ ግን ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። 1060 ከራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 192 ጊጋባይት ያነባል፣ 580 ደግሞ 256 ጊጋባይት። ሚሞሪው ሲሞላ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ራም ማምጣት አለበት፤ የሚያመጣውም በማዘርቦርዱ ማስገቢያ በኩል በሰከንድ 16 ጊጋባይት በሚያህል ፍጥነት ነው። መንገዱ ለ1060 በ12 እጥፍ፣ ለ580 በ16 እጥፍ ይጠባል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማውጣት እያንዳንዱ ምስል ከ17 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ ማለቅ ስላለበት፣ በዚህ ጠባብ መንገድ የመጣ ዕቃ አይደርስም። ጌሙ ይንተባተባል፤ መኪናው ሲታጠፍ ምስሉ ለቅጽበት ይቆማል፣ የግድግዳው ሥዕል ደብዝዞ ይቀራል። በፈተና ሠንጠረዥ ላይ ግን አማካዩ ቁጥር አሁንም ጥሩ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ትርፍ የሚመስሉት የ580 ሁለት ተጨማሪ ጊጋባይቶች ከዓመታት በኋላ ዋጋ ያገኙት ለዚህ ነው። ካርዱን ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአምስት ዓመት የገዛ ሰው ተጠቀመባቸው።

በኤሌክትሪክ በኩል ሚዛኑ ወደ 1060 ያጋድላል። የ1060 ፍጆታ 120 ዋት ሲሆን የ580 ደግሞ 185 ዋት ነው። በቀን አራት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህች የ65 ዋት ልዩነት በዓመት 95 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትሆናለች። ከወጪው የሚብሰው ግን ካርዱን የሚሸከመው ኮምፒውተር ጉዳይ ነው። ብዙ ወጣት የጌም ኮምፒውተሩን የሚሠራው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ በመጨመር ነው። ከ240 እስከ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያላቸው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሌላቸው የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች የዚህ ምሳሌ ናቸው። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻውን መስጠት ያለበት እስከ 75 ዋት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ካርዶች የራሳቸው ገመድ ይፈልጋሉ፣ 580 ደግሞ በአብዛኛው ባለ 8 ፒኑን። ፓወር ሰፕላይ መቀየር ግድ ከሆነ ረክሶ የተገዛው 580 ከ1060 ሊወደድ ይችላል።

የኃይል ጉዳይ በቀላሉ እንደማይታይ ኤኤምዲ ራሱ ያውቀዋል። አርኤክስ 480 በወጣበት ሳምንት መርማሪዎች ካርዱ ከማስገቢያው ከተፈቀደው 75 ዋት በላይ እየሳበ መሆኑን ደረሱበት። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ችግሩን የሚያስተካክል ድራይቨር አወጣ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ምላሽ ነው፤ ካርዱን አስቀድመው የለኩት መርማሪዎች ግን የበለጠ ይመሰገናሉ።

ካርዱ ለጌም ብቻ ካልሆነ ደግሞ ሌላ መመዘኛ ይመጣል። በብሌንደር አኒሜሽን የሚሠራ ወይም ለመማር ያሰበ ሰው 1060ን ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ስሌትን በካርዱ ለማሠራት የኤንቪዲያን ኩዳ የተባለ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸውና። በአንጻሩ ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ባወጣው 3.0 ስሪት የኤኤምዲ ካርዶች ይሠሩበት የነበረውን ኦፕንሲኤልን ስለተወ፣ 580 ሳይክልስ በተባለው የብሌንደር ክፍል ምስል የማውጣቱን ሥራ ለፕሮሰሰሩ ትቶ መቀመጥ ግዴታው ሆነ። ለአንድ ጀማሪ አኒሜተር ይህ ከማንኛውም የፍሬም ቁጥር ይበልጣል።

እስካሁን ያለው ሚዛን ግልጽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ገዢው ይህን ሁሉ አጥንቶ ሱቅ ሲደርስ ነው።

ኤንቪዲያ 1060ን ባወጣ በወሩ ባለ 3 ጊጋባይት 1060 በ199 ዶላር አስከተለ። ስሙን ያየ ሰው ልዩነቱ ሚሞሪው ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 ወርደዋል። ሌላ ካርድ ሌላ ስም ይገባው ነበር። ቆይቶ ለቻይና ገበያ ባለ 5 ጊጋባይት 1060 ተሠራ፤ እሱም በዚያው ስም። ኤኤምዲም ከዚህ የጸዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በቻይና ያወጣው 580 ኮሮቹ 2304 ሳይሆኑ 2048 ናቸው። ይህ ቁጥር ኩባንያው አርኤክስ 570 ብሎ ሲሸጠው የነበረው ርካሹ ካርድ ቁጥር ነው። ካርዱ በቻይና አልቀረም፤ በኢንተርኔት መደብሮች በኩል ዓለምን አዳረሰ። በማስታወቂያው ላይ “580” የሚለው በትልቁ ሲጻፍ “2048ኤስፒ” የምትለዋ ምልክት በጥቃቅን ፊደል ትቀመጣለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ አትኖርም።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ከፊሉም እውነት ነው። ቺፕ ሲመረት ከፊል ክፍሉ የተበላሸ አይጠፋም። ያን ጥሎ ከመክሰር የተበላሸውን ክፍል ዘግቶ በዝቅተኛ ዋጋ መሸጥ ለገዢውም ይጠቅማል፤ 570 ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ኮር መቀነሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የተቀነሰውን በሙሉው ስም መሸጡ ነው። ሁለት ቁጥሮች አጠገቡ እያሉ፣ 570 ለአንዱ 580 ለሌላው ብሎ መሰየም የሚችል ኩባንያ፣ አንዱን ስም ለሁለቱ ሲሰጥ ምርጫ አላበዛም፤ ገዢውን አደናገረ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የግራፊክስ ካርድን ስም ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍል ነው፣ ገዢ ሲጮህ ደግሞ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ጂቲኤክስ 970 የያዘው 4 ጊጋባይት ሚሞሪ የመጨረሻው ግማሽ ጊጋባይት እጅግ ቀርፋፋ መሆኑን ያጋለጡት ተራ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በአሜሪካ ለገዢዎች በካርድ 30 ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኤንቪዲያ “አርቲኤክስ 4080” የሚል አንድ ስም፣ 9728 እና 7680 ኮር ላላቸው ሁለት ካርዶች ሰጠ። ተቃውሞው ሲበረታ ኦክቶበር 14 ቀን ትንሹን ካርድ ስሙ ትክክል አይደለም ብሎ ሰረዘው። ካርዱ በጃንዋሪ 2023 “4070 ቲአይ” ተብሎ ሲመለስ ዋጋው ከ899 ወደ 799 ዶላር ወርዶ ነበር። ስሙ ሲስተካከል ዋጋውም ተስተካከለ። የስም ጉዳይ የኪስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ከስሙ ሌላ የካርዱን ታሪክም መጠየቅ አለበት። 480 እና 580 ኤቲሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማመንጨት ተመራጭ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 መጀመሪያ ዋጋቸው እጥፍ ደርሶ ነበር። ኤቲሪየም ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መመንጨቱን ሲያቆም ለዓመታት ሌት ተቀን የሠሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። ሥራው ብቻውን ካርድ አይገድልም። የሚጎዳው ፋኑ ነው፣ የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንዳንዶቹ ባዮስ (ካርዱን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ለዚያ ሥራ ተብሎ ተቀይሯል። እንዲህ ያለ ካርድ ድራይቨር አልቀበልም ሊል፣ ጌም ሲከፈት ስክሪኑን በቀለም ነጠብጣብ ሊሞላ ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ያረጀ ቺፕ ባዮሱ ተቀይሮ 1060 ነኝ እንዲል የተደረገበት ካርድ በገበያ ተገኝቷል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ነፃና ቀላል ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ተይዞ ቢኬድ፣ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የኮሩን ቁጥር፣ የሚሞሪውን መጠንና ፍጥነት ያሳያል፤ ብዙዎቹን ሐሰተኛ ካርዶችም ለይቶ ይናገራል። 1060 ከሆነ 1280፣ 580 ከሆነ 2304 መነበብ አለበት። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ ፋኑን ማድመጥ፣ ሙቀቱን ማየት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ገዢው የካርዶቹን ገደብም ማወቅ ይገባዋል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለ580 ትውልድ የሚሰጠውን የድራይቨር ድጋፍ ቀንሷል። ኤንቪዲያም ለ1060 ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በኦክቶበር 2025 አቁሞ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እስከ 2028 እንደሚሰጥ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ የተባለውን የብርሃን ስሌት የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ ለሁለቱም አይሆንም። እንደ ጂቲኤ 5 ያሉ ጌሞችን በ1080 ስክሪን ለሚጫወት ግን ሁለቱም ዛሬም በቂ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ከ500 ዋት ያላነሰ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላለውና ለጌም ብቻ ለሚገዛ ሰው ባለ 2304 ኮሩ፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 580 ይሻላል። ፓወር ሰፕላዩ ደከም ያለ ወይም በብሌንደር ለሚሠራ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1060 ይሻላል። ባለ 3 ጊጋባይቱ 1060 እና ባለ 2048 ኮሩ 580 በሙሉዎቹ ካርዶች ዋጋ መሸጥ የለባቸውም፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛቸውም ሊኖር አይገባም። በሱቅም ሆነ በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች ከዛሬ ጀምሮ በካርዱ ስም አጠገብ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፤ የሚሞሪውን መጠንና የኮሩን ብዛት። ገዢም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በዓይኑ ሳያይ ብሩን አይቁጠር።