የዲያቆኑ ሙሽራ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ካህን ያግባ ወይስ በድንግልና ይኑር? በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህ ክርክር ዛሬም አልበረደም። በእኛ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግን ጵጵስና የመነኮሳት ሲሆን፣ የደብሩ ቄስ ትዳር ይኖረዋል። የሚያገባው ታዲያ ቅስና ሳይቀበል በፊት ነው። ሚስቱ ብትሞትበትና ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል።

እኔ ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ልጅ ሲያለቅስበት ያደረ ቄስ የንስሐ ልጆቹን የቤት ችግር ቶሎ ይረዳል።

የሚያሳስበኝ የሙሽራዋ ነገር ነው። ዲያቆኑም እጮኛውም በድንግልና ተጠብቀው በቁርባን ይጋባሉ። በዚህ ምክንያት በገጠር አንዳንድ ወላጆች «ሳይቀድማት እንዳራት» ብለው ልጃቸውን ገና ጡት ሳታወጣ ለዲያቆን ይሰጣሉ። በነርስነት ዘመኔ የዳሌ አጥንታቸው ሳይሰፋ ያረገዙ ልጆች አይቻለሁ። ምጡ ቀናት ይፈጃል፤ ሕፃኑ ይሞታል፤ እናቲቱም ፌስቱላ ይዟት ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል።

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ቤተ ክርስቲያንም የምትጠይቀው ድንግልናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅም ድንግል ሆና ትቁረብ፤ ማን ከለከላት?

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ሽማግሌ ሲመጣ ስለ ጥሎሽ ከማውራታችሁ በፊት የልጅቱን ዕድሜ ቁጠሩ። እሷንም ጠይቋት። ያልደረሰች ከሆነች ትማር፤ ዲያቆኑም ድጓውን እያጠና ይጠብቃት። የንስሐ አባታችሁም ይህን ቢመክሩላችሁ የብዙ ልጆች ሕይወት ይተርፋል።