ከብራንታስ ወንዝ ዳር ለጀመዓችን የሚሆን ትምህርት



ባለፈው ዓመት «የኺድማ ቀን» ብለን ወደ አንድ የወንዝ ዳር ሰፈር መውጣታችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጓንት አድርገን፣ ማዳበሪያ ይዘን ግማሽ ቀን ቆሻሻ ለቀምን። ፎቶ ተነሣን፣ ዙህር ሰገድንና ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ድልድይ ሳልፍ ወንዙ እንደ ድሮው ሆኖ አገኘሁት። ከድልድዩ ሥር ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት አወቁኝና «ልጄ፣ ጥግ ላይ የከመራችሁትን የሚያነሣ መኪና እኮ እዚህ አይገባም። ዝናቡ ሲመጣ ጠርጎ መለሰው» አሉኝ። መኪናው እንደማይገባ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ኖሯል። ከእኛ መካከል ግን የጠየቀ አልነበረም።

ዘንድሮም ያንኑ ፕሮግራም ለመድገም እየተዘጋጀን ነው። ከመውጣታችን በፊት ግን እንደ እኛው ያሉ ሙስሊም ተማሪዎች በሌላ አገር፣ በሌላ ወንዝ ዳር የሠሩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ሰፈሩ ጆዲፓን ይባላል። የሚገኘው በኢንዶኔዥያ፣ በምሥራቅ ጃቫ ክፍለ ሀገር፣ ማላንግ በምትባል ከተማ ነው። ማላንግ ከሱራባያ ቀጥላ የክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ስትሆን በእሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበች ደጋማ ናት። በመካከሏ የሚያልፈው ብራንታስ ወንዝ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምሥራቅ ጃቫ ረጃጅም ወንዞች አንዱ ነው። ጆዲፓን ከዋናው መንገድ ድልድይ በታች፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ በወንዙ ቁልቁለት ላይ ተደራርቦ የተሠራ ሰፈር ነው። ቤቶቹ እርስ በርስ የተጠጉ፣ ጣሪያቸው የሸክላ ክዳን፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ደረጃዎች ናቸው። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው የከተማ ሰው ለብዙ ዓመት ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው ያረጀ ጣሪያና ቆሻሻ ብቻ ነበር። ነዋሪውም ቆሻሻውን ወደ ወንዙ ይጥላል። በኢንዶኔዥያ ሕግ ከወንዝ ዳር በተወሰነ ርቀት ውስጥ ቤት መሥራት ስለማይፈቀድ ሰፈሩ «ዛሬ ወይስ ነገ እንነሣለን» ከሚል ስጋት አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የማላንግ ሙሐመዲያ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች የሆኑ ስምንት ወጣቶች ለአንድ ኮርስ የተግባር ሥራ ፈለጉ። የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ነበር። ሌላው ተማሪ የሚያደርገውን አድርገው፣ አንድ ሪፖርት ጽፈው ውጤት መቀበል ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ወደ ጆዲፓን ወረዱ። ከዚያም አንድ የቀለም ፋብሪካ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድበው ድጋፍ ለዚህ ሰፈር ቀለም እንዲሰጥ አሳመኑ። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ደረጃው ሁሉ በቢጫ፣ በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ ተቀባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከድልድዩ ላይ ፊቱን ያዞር የነበረው ሰው ለማየት መቆም ጀመረ። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ መጎብኘት መጣ። ነዋሪዎቹም በመግቢያው ላይ የጥቂት ሺህ ሩፒያ ቲኬት መሸጥ ጀመሩ (በገንዘባቸው ኢምንት ናት)፤ እናቶች በየደጃቸው ሻይና መክሰስ አቀረቡ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈርም በሥዕሎች ተሸፍኖ «ካምፑንግ ትሪዲ» ተባለ። ካምፑንግ በእነርሱ ቋንቋ ሰፈር ወይም መንደር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኝ 25 ሜትር ርዝመት ያለው ወለሉ መስታወት የሆነ የእግረኛ ድልድይ ተመረቀ። ንድፉን የሠሩት የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። የማላንግ ልጆች ቃላትን ገልብጦ የመናገር የቆየ ልማድ አላቸውና ድልድዩንም የከተማቸውን ስም ገልብጠው «ንጋላም» አሉት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የኮሙኒኬሽኑ ተማሪ በሙያው ሰውና ፋብሪካ አገናኘ። የምህንድስናው ተማሪ በሙያው ድልድይ ነደፈ። እኛ ግን የሕክምናውንም፣ የሕጉንም፣ የምህንድስናውንም ተማሪ አሰልፈን ለሁሉም አንድ ዓይነት ጓንት እናድላለን። የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ተማሪ ቆሻሻ መልቀሙ ነውር የለበትም፣ አጅርም አለው ኢንሻ አላህ። ነገር ግን አላህ የሰጠው ዕውቀት ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ጓንቱ ብቻ ሲወጣ አማናው ተወጣ ማለት ይከብደኛል።

የኢንዶኔዥያ ተማሪዎች ከእኛ የተሻለ ልብ ኖሯቸው አይደለም፤ ሥርዓቱ ያግዛቸዋል። በአገራቸው የዩኒቨርሲቲ ግዴታ ሦስት ነው፦ ማስተማር፣ መመራመርና ኅብረተሰብን ማገልገል። ብዙ ተማሪ ከመመረቁ በፊት «ኩሊያህ ከርጃ ኛታ» በሚሉት ፕሮግራም ወደ ገጠር ወይም ወደ ሰፈር ሄዶ ከሕዝቡ ጋር እየኖረ ይሠራል። «ኩሊያህ» የምናውቃት የዐረብኛዋ ኩሊያ ናት፤ «ከርጃ ኛታ» ደግሞ እውነተኛ ሥራ ማለት ነው። በየሰፈሩም «ጎቶንግ ሮዮንግ» የሚሉት፣ ከእኛ ደቦ የማይለይ፣ ተባብሮ የመሥራት ባህል አላቸው። ተማሪው ሲመጣ የሚያገኘው እጁን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን በራሱ ደቦ የሚወጣ ሰፈር ነው።

«ይህ ሁሉ የቀለም ነገር ነው፤ ድህነትን ቀለም ቀብቶ ለቱሪስት ማሳየት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ቀለም ይደበዝዛል። ቀለም የቤት ካርታ አይሆንም፤ ጎርፍም አያቆምም። ደጃፍህ ላይ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሰው ፎቶ ሲያነሣ መዋል የራሱ ሸክም አለው። በቱሪስት ላይ የቆመ ገቢም እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ምን ያህል እንደሚሰበር ዓለም ሁሉ አይቷል። ስለዚህ ጆዲፓን ችግሩ ሁሉ ተፈታለት አልላችሁም።

ግን አንድ የማይካድ ነገር አለ። ድሮ ሰፈሩ ቢነሣ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ዛሬ ከተማዋ የምትታወቅበት ቦታ ሆኗል። ሰው የሚታይ ሲሆን መብቱን የሚጠይቅበት ድምፅ ያገኛል።

ይህም በጃቫ ምድር የመጀመሪያው አይደለም። በ1980ዎቹ በዮግያካርታ ከተማ፣ በቾዴ ወንዝ ዳር የነበሩ ድሆች ሰፈራቸው ሊፈርስ ሲል ማንጉንዊጃያ የተባሉ አርክቴክትና የካቶሊክ ቄስ እዚያው ወርደው ከነዋሪው ጋር ኖሩ። ከቀርከሃና ከእንጨት ቤቶችን አብረው ሠሩ፤ ወጣት ሠዓሊዎችም ግድግዳዎቹን በሥዕል አስጌጡ። ሰፈሩን ለማፍረስ ሲታሰብም በረሃብ አድማ ጭምር እንደሚቃወሙ አስታወቁ። ሰፈሩ ሳይፈርስ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በሙስሊሙ ዓለም የሕንፃ ሥራዎችን የሚሸልመው የአጋ ኻን ሽልማት ለዚሁ ሰፈር ተሰጠ። የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አገር አንድ ቄስ ለጎረቤት ሐቅ ሲቆሙ፣ እኛ የጎረቤትን ሐቅ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርን ሰዎች ምን ልንሠራ ይገባናል?

በዲናችን ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሣት የኢማን አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ሰው በሚጠቀምበት ውሃ፣ በሚሄድበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ላይ መጸዳዳትንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ከልክለዋል። ስለዚህ የወንዝ ዳር ሥራ ከዳዕዋችን ጎን የሚለጠፍ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ ከዲናችን ውስጥ ያለ ነው። ጉድለቱ አሠራራችን ላይ ነው።

ለኺድማ ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይኸውና። አንደኛ፣ ዘንድሮ ጓንት ከመግዛታችን በፊት አምስት ስድስት ሆነን ወደ ሰፈሩ እንሂድ። ከሽማግሌዎቹ፣ ከእናቶቹ፣ ከእድሩ ሰዎች ጋር እንቀመጥ፤ «ምን እናድርግላችሁ?» ከማለት ይልቅ «እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው፣ የቱ ላይ እንገዛችሁ?» እንበል። ያቺ እናት የነገሩኝን የመኪና ነገር በመጀመሪያው ቀን እንሰማው ነበር። ሁለተኛ፣ አባላቱን በትምህርት ክፍላቸው እንመዝግብ። ምናልባት ሰፈሩ የሚፈልገው የሕግ ተማሪ የሚጽፈው አንድ ማመልከቻ፣ ወይም የምህንድስና ተማሪ የሚነድፈው አንድ የውሃ መውረጃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ አዲስ ሰፈር አንፈልግ። አንዱን ይዘን ቢያንስ ሦስት ዓመት እንቆይ፤ ተመራቂው ለተተኪው ሥራውን በጽሑፍ ያስረክብ። አራተኛ፣ ለቲሸርት የምናወጣውን ገንዘብ ለሥራው እናድርገው፤ የሰው ደጃፍና የሰው ልጅ ፎቶም ያለፈቃድ አንለጥፍ። ኢኽላሳችንንም ይጠብቅልናል።

የጆዲፓን ስምንቱ ተማሪዎች በቁጥር ከእኛ የቁርኣን ሐለቃ ያንሳሉ። የነበራቸው አንድ የኮርስ ሥራ፣ አንድ ወንዝና ወደ ታች ለመውረድ የደፈረ እግር ነበር። እኛም ወንዙ አለን፤ ድልድዩንም በየሳምንቱ ለጁሙዓ ስንሄድ እንሻገረዋለን። ያቺ እናት ዛሬም ከሥሩ ልብስ ያጥባሉ። የኮሚቴው ስብሰባ ከመድረሱ በፊት እኔ ሄጄ ላነጋግራቸው ነይቻለሁ። አብሮኝ የሚወርድ ካለ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን በር ላይ ይጠብቀኝ።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።