የቆዩ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች፦ የዕድሜ ድካም የቱ፣ የከፍታና የውኃ ችግር የቱ?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት የቆዩ መኪኖች ጉዳይ ሌላ መልክ ይዟል። ቀደም ሲል ሞተሩ የደከመበት ባለንብረት መኪናውን ሸጦ፣ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ሌላ መግዛት ይችል ነበር። ዛሬ ይህ አማራጭ በእጅጉ ጠቧል። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ቤተሰብና በአንዲት ኮሮላ ወይም ቪትዝ የሚተዳደር አሽከርካሪ፣ በእጃቸው ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። በመሆኑም “ሞተሩ አልቋል” የሚለው የጋራዥ ውሳኔ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍል ሆኗል። ውሳኔው ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የዕድሜ ድካም ተብሎ ከሚታመነው ብልሽት ቀላል የማይባለው ክፍል ከሀገሪቱ ከፍታና ከማቀዝቀዣው ውኃ አያያዝ የሚመነጭ ነው።

አነስተኛ ሞተር ያላቸው መኪኖች በብዛት የሚታዩበት አንዱ ምክንያት የታክስ ሕጉ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1300 ሲሲ በሆኑ አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ በሆኑት ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ 100 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። የቶዮታ 2ኢ ሞተር 1295 ሲሲ ሲሆን፣ የእርሱ ታናሽ የሆነው 4ኢ 1331 ሲሲ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ36 ሲሲ ልዩነት የታክሱን መጣኔ እጥፍ ያደርገው ስለነበር፣ አስመጪው ፊቱን ወደ ትንሹ ቢያዞር የሚያስገርም አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 መጣኔዎቹን ቀይሮ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ቢጥልም፣ ቀድመው የገቡት ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ባለንብረቱ መለዋወጫ ከመግዛቱ በፊት የሞተሩን ዓይነት በትክክል ማወቅ ይኖርበታል። የመኪናው ስምና የተመረተበት ዓመት ለዚህ በቂ አይደሉም፤ “ኮሮላ” የሚለው ስም በርካታ የተለያዩ ሞተሮችን ይሸፍናልና። በቶዮታ መኪኖች ዘንድ የሻንሲው መለያ የሚጀምርባቸው ፊደላት የሞተሩን ቤተሰብ ይጠቁማሉ። ኬኢ70 የኬ ቤተሰብ ሞተር፣ ኢኢ80 እና ኢኢ90 የኢ ቤተሰብ ሞተር የተገጠመላቸው ኮሮላዎች ናቸው። ከቪትዞች መካከል ኤስሲፒ10 የኤስዜድ፣ ኤንሲፒ10 የኤንዜድ፣ ኬኤስፒ90 ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የኬአር ቤተሰብ ሞተር አላቸው።

ከእነዚህ ውስጥ 4ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ የሆነ፣ በካርቡራተር የሚሠራና የቫልቮቹ ጊዜ በሰንሰለት የሚመራ ቀላል ሞተር ነው። 2ኢ በአራት ሲሊንደሮቹ 12 ቫልቮች አሉት፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የአየር ማስገቢያና አንድ የጭስ ማስወጫ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 77.4 ሚሊ ሜትር፣ የእሳት ቅደም ተከተሉም 1-3-4-2 ነው። እንደ 4ኬ ሰንሰለት ሳይሆን የጎማ ቺንጊያ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ቺንጊያው ሲያረጅ ሳይበጠስ መለወጥ አለበት። መኪናውን ከሌላ ሰው የገዛና ቺንጊያው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ የሌለው ባለንብረት እንዳልተለወጠ ቢቆጥረው ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች 1ኤስዜድ ሞተር 997 ሲሲ ሆኖ በኮምፒውተር በሚመራ የነዳጅ መርጫ ይሠራል። ሰንሰለት ስላለው ከቺንጊያ ለውጥ ቢያሳርፍም የዘይት ለውጥ ሲዘገይ ግን ሰንሰለቱ ይላላል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማው መንቋቋትም አንዱ ምልክቱ ነው።

የካርቡራተር ሞተሮች ትልቁ ፈተና ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ቤንዚኑን አብዝቶ ይለቃል። ውጤቱም ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ የሚሸት ጭስና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ሲያቀጥነው ደግሞ ሞተሩ በእርግጥም ማርጀት ይጀምራል። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ በተነሣበት በዚህ ወቅት ካርቡራተርን ለከፍታው ማስተካከል ወጪው በአጭር ጊዜ የሚካካስ ሥራ ነው። ለአዲስ አበባ ተብሎ ቤንዚኑ እጅግ የተቀነሰለት ሞተር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ስለሚበዛበት ከልክ በላይ ሊግል ይችላል፤ ባለሙያው መኪናው የት የት እንደሚሠራ ሊጠይቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ይኸው ከፍታ ምርመራውንም ያሳስታል። የሞተር ጉልበት የሚመዘነው በኮምፕሬሽን መለኪያ ሲሆን፣ በአምራቹ መመሪያ የሰፈረው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። መመሪያው 12 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚል ከሆነ፣ ፍጹም ጤናማ የሆነ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ9 ብዙም የማይበልጥ ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ደህናውን ሞተር “ፋሻው አልቋል” ብሎ እንዲወርድ ሊያዝ ይችላል። ከቁጥሩ ይበልጥ መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ በጉልህ ከወረደ ብልሽቱ እዚያ አለ። መለኪያው የሚታመነው ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲለካ ነው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል፤ ካልተለወጠ ግን ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታው ጓርኒሲዮን ይዞራል። ይህ ምርመራ የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ሞተር ማውረድ ግን የሳምንታት ገቢ ያሳጣል።

ጓርኒሲዮኑ ሲነሣ የማቀዝቀዣው ነገር አብሮ ይነሣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙዎቹ እነዚህ ሞተሮች ተርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። ስለዚህ ሞተሩ በመደበኛ ሥራው ላይ እያለ እንኳ ከመፍላት የሚለየው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፤ ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደህና ክዳን በውስጡ ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲላላ ይህ መከላከያ ይጠፋል፤ መኪናውም በመጨናነቅ ወይም በእንጦጦ ዳገት ላይ ያፈላል። ቴስታው ከአሉሚኒየም፣ የሞተሩ አካል ከብረት የተሠራ ሲሆን ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ያፈላ ሞተር ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ ቴስታውም ይጣመማል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አሠራሮች ሊታረሙ ይገባል። አንደኛው “እንዳያፈላ” ተብሎ ተርሞስታቱን ማውጣት ነው። ተርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል፤ የማፍላቱ ትክክለኛ ምክንያትም ተሸፍኖ ይቆያል። ሁለተኛው በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ የቧንቧ ውኃ መሙላት ነው፤ ዝገትና የውኃ ድንጋይ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ቀስ በቀስ ይደፍናል። የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ስለሚዳርግ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ የግድ ነው።

የጭሱ ቀለም ሌላ ፍንጭ ይሰጣል። ሰማያዊ ጭስ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የደረቀው የቫልቭ ጎማ ነው፤ ይህንንም ሞተሩ ሳይወርድ መለወጥ ይቻላል። ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ ያለማቋረጥ ከወጣ ግን ወደ ፋሻው ያመለክታል። በኅዳር ብርድ ጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት የተለመደ ሲሆን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ጓርኒሲዮኑ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ሞተር መለወጥ የግድ ሲሆን ጉዳዩ ከጋራዥ ወደ ቢሮ ይሸጋገራል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ መኪናው ከሰነዱ ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩ ያልተጣጣመ መኪና ቦሎ ለማደስም ሆነ ስም ለማዛወር ይቸገራል፤ ሰነድ የሌለው ሞተር የተሰረቀ አለመሆኑን ማስረዳት ለባለንብረቱ ሌላ ፈተና ነው። ስለሆነም ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መኪናው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቀርቦ የሚጠየቁትን ማስረጃዎች ማወቅ፣ ሻጩ የሰጠው ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር በሞተሩ አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን በዓይኑ ማረጋገጥና ለውጡን ከዓመታዊው ምርመራ አስቀድሞ ማስመዝገብ ይኖርበታል።